ለለገሠ የተለቀመ ወይን

በፈረንጆቹ 2006፣ ኦክቶበር ሲገባደድ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች የኮሎራዶን ተራራ ሊሻገሩ ማልደው ተነሡ። ሊዑል ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ ወይን ጠጅ ይቀዳል። ውባየሁ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ለሊዑል እንቢ ማለት ሆኖለት የማያውቅ ጓደኛው ነው። የሚሄዱት ወይን ሊለቅሙ ነበር። እብደት ነው ያለ ሰው አልተሳሳተም።

የሊዑል ታላቅ ወንድም ለገሠ፣ እሱ «ጋሼ» የሚለው፣ በወጣትነቱ መርከበኛ ነበር። ስፔን ላይ ከመርከብ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ ዓመታትም ወይን ሲለቅም ኖረ። አሜሪካ ከመጣ በኋላ እሑድ እሑድ ታናሹን አስቀምጦ፣ ብዙ ሰው በስም የማያውቃቸውን የስፔን ቀይ ወይኖች አንድ በአንድ ያስቀምሰው ጀመር፦ ገደል ላይ የሚበቅለውን መንሲያ፣ ፀሐይ የማይበግረውን ቦባል። ግራሲያኖ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ትንሽ የሚያፈራ፣ ዘግይቶ የሚበስል፣ ገበሬው ታክቶት የነቀለው ወይን ነው። አሁን ለገሠ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል። «አንዲት ፍሬ ከግንዱ ቀጥፌ ብቀምስ» አለ። ከተራራው ማዶ፣ ፓሊሴድ አጠገብ፣ አንድ ስፔናዊ እረኛ ከመሞቱ በፊት የተከለው ግራሲያኖ እንዳለ ሊዑል ሰምቷል። የእረኛውም ልጅ «ድብ ያስተረፈውን ውሰዱ» ብሎ ፈቅዷል። ማታ ግን ውርጭ ይወርዳል ተብሏል፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬ የለም።

አይዳሆ ስፕሪንግስን እንዳለፉ በረዶው መንገዱን ዋጠው። ከፊታቸው የነበረው የጭነት መኪና ጀርባውን አወዛውዞ ከብረት አጥሩ ጋር ተላተመ። ሊዑል መሪውን ጠመዘዘ፤ አሮጌዋ ቶዮታ ተንሸራተተች፣ ዞረች፣ ወደመጣችበት አፍጥጣ ቆመች።

ሊዑል ወርዶ በረዶው ላይ ተጋደመና ጎማው ላይ ሰንሰለት ያስር ጀመር። የውባየሁ ስልክ ጮኸ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አባይነህ ነበሩ።

«ሊዑል አጠገብህ ነው?»

«ራቅ ብሏል።»

«ለገሠ አረፈ፣ ልጄ። አደራ፣ እንዳትነግረው። ሰው ዘመድ በሌለበት መንገድ ላይ መርዶ አይረዳም። ሲመለስ ተሰብስበን እናረዳዋለን።»

«እሺ፣ ጋሽ አባይነህ» አለ ውባየሁ። ሌላ ምን ይላል?

ሊዑል እጁን እያራገፈ ተነሣ። «ማን ነው?»

«ዲስፓች ነው፣ ከሥራ። ስማ፣ ስኖው ከብዷል። ብንመለስስ?»

«ጋሼ እየጠበቀኝ?»

ውባየሁ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። «እንግዲያው እኔ ድራይቭ ላድርግ» ብቻ አለ።

ሽቅብ ወጡ። የተራራውን የመኪና ዋሻ ሰንጥቀው አለፉ፤ ቬይል ላይ ነፋሱ መኪናዋን ከመንገድ ሊገፋት ታገለ። ሊዑል ስለ ወንድሙ ያወራል። ጋሼ ሲቀምሰው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጋሼ የፍሬው ቆዳ ወፍራም ነው ብሎኛል፤ ጋሼ በወይኑ የጠቆረ ጣቴን አይቶ ይስቃል። ውባየሁ መሪውን ጨምድዶ ይሰማል። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ይህ ነው፤ እውነትም ፈጀው። ሊዑል ሆስፒታል ሊደውል ስልኩን ባወጣ ቁጥር ተራራው ኔትወርኩን ይነፍገዋል። ውባየሁ በዚህ ደስ አለው፤ በደስታውም አፈረ።

ግሌንዉድ ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ ተንዶ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ወርደው በእጃቸው ገፉ፣ አንከባለሉ፤ የሊዑል ጥፍር ተነቅሎ ደማ። አንዴም «ደከመኝ» አላለም። ይህን ሁሉ ለሞተ ሰው ነው የሚደክመው ብሎ ውባየሁ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ፓሊሴድ ሲደርሱ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው። ጭቃው መኪናዋን ስለያዛት በእግር ወጡ፤ ጉልበት የሚደርስ ጅረት ተሻገሩ። የወይኑ መስመሮች ተግጠው ራቁታቸውን ቆመዋል። የመጨረሻው መስመር ዳር ላይ አንድ ጥቁር ድብ ቆሞ ዘለላውን ከነቅጠሉ ይገምጣል።

ሊዑል ከአጥሩ እንጨት ነቀለና ወደፊት ተራመደ። ድቡ በኋላ እግሮቹ ቆመ። ውባየሁ ሮጦ የጓደኛውን ጃኬት ያዘ።

«ልቀቀኝ። የቀረችው ያቺ መስመር ብቻ ናት። ጋሼ እየጠበቀኝ ነው።»

«አይጠብቅህም።»

ሊዑል ዞረ።

«አርፏል፣ ሊዑል። ጠዋት፣ ሰንሰለቱን ስታስር።»

እንጨቱ ከሊዑል እጅ ወደቀ። ጭቃው ላይ ተቀመጠና ደረቱን እየመታ «ጋሼ፣ ጋሼዬ» እያለ ጮኸ። ድቡ ጥቂት አየው፤ ከዚያ በአራት እግሩ ወርዶ ቀስ እያለ ወደ ጫካው ገባ። ለቅሶ ሰው ይፈልጋል፤ ያለው ውባየሁ ብቻ ነበርና አቅፎ ያዘው።

«ቀኑን ሙሉ እያወቅህ?» አለ ሊዑል ድምፁ ሲመለስ።

«አዎ።»

«ያን ሁሉ እያወራሁልህ?»

«አዎ። ጋሽ አባይነህ አደራ ብለውኝ ነበር። አሁን አደራቸውን በላሁ። ምን ብዬ ዓይናቸውን እንደማይ አላውቅም።»

ሊዑል ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ተነሣና ድቡ ያስተረፈውን ዘለላ ይቀጥፍ ጀመር።

«ለማን ነው?» አለ ውባየሁ።

«እንጃ። ብቻ ውርጭ አይብላው።»

ሲነጋጋ ኦሮራ ገቡ። የሊዑል አፓርታማ በር ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። የለገሠ ሚስት ፀዳል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላቸው ቆማለች።

«ልጄ፣ ግባና ቁጭ በል» አሉ ጋሽ አባይነህ። ዓይናቸው ግን ውባየሁ ላይ ነበር፤ አደራዬን ጠብቀሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ውባየሁ አንገቱን ደፋ። ሊዑል ሁለቱንም አያቸው። የወይኑን ካርቶን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ምነው በማለዳ፣ ጋሽ አባይነህ?» አለ። «ምን ሆናችሁ?»

መርዶውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ፤ እንዳዲስም አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ውባየሁ ግን ከሁሉም ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ለማያውቃቸው ሰው ወንድሙ የሞተበት እሱ ይመስል ነበር።