የውሃ አባቱ አካፋ

ሳፊያና ነጅሙዲን የተዋወቁት በአካፋ ነው። ሌላው ሰው ሰርግ ቤት ይተያያል፣ በስልክ ይላላካል፤ የነሱ ግን ደም ፈሶበት ነው የጀመረው።

የሳፊያ አባት አባ ሀሩን በሸዋ ሮቢት ዳርቻ፣ ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ላይ ሠላሳ ዓመት የውሃ አባት ነበሩ። ሽንኩርቱም ማሾውም የሚጠጣው እሳቸው ተራ ሲሰጡ ነው። ሕጋቸው አጭር ነበር። አካፋቸውን አንስተው «ተራው የማን ነው?» ሲሉ ባለተራው የያዘውን ዕቃ መሬት ላይ ያስቀምጥና ዝም ይላል፤ ጎረቤቱ «ተራው ነው» ብሎ ይመሰክርለታል። ምስክር የሌለው የውሃ ሌባ ነው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። የልጃቸውን ስም ረሱ፣ ምሳ መብላታቸውን ረሱ፤ አካፋቸውን ግን አልረሱም። ውሃ ሲፈስ ካዩ ይማታሉ።

ነጅሙዲን ከማጀቴ መጥቶ፣ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት የተከለ ሰው ነው፤ ይህን ማን ይንገረው! ቦዩን ከፍቶ ቆሞ ሳለ ሽማግሌው መጡበት።

«ተራው የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! ደሞ አንቱ ማነዎት?»

አካፋው ግንባሩ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ትከሻውን አገኘው። ሦስተኛው ሊያርፍ ሲል ሳፊያ ጫማዋን ጥላ፣ ጭቃውን እያንቦጫረቀች ደረሰች።

«ተራው ነው አባ! እኔ ምስክር ነኝ!»

አካፋው ወረደ።

ከሻርፗ ጫፍ ቀድዳ ግንባሩን አሰረችለት። እሱ ደሙ በቅንድቡ እየወረደ ዓይን ዓይኗን ያያል።

«ሳታውቂኝ መሰከርሽልኝ?»

«ዝም ብትል ኖሮ አትመታም ነበር።»

«ወላሂ፣ ሁለተኛ አልናገርም።»

ተናገረ እንጂ! ቁስሉን አሳብቦ መጣ፤ ቁስሉ ከዳነም በኋላ መጣ። ጎረቤቷ ሻይ ሻጯ እትዬ ከበቡሽ፣ «ይሄን ልጅ በየሳምንቱ ማነው የሚፈነክተው?» እያሉ አሳቋት። ነጅሙዲን ሽማግሌ ልላክ ሲላት ግን ሳፊያ «ቆይ» አለችው። እሷ ከተዳረች አባቷን ማን ይይዛል?

አንድ ረፋድ እትዬ ከበቡሽ ቧንቧ ከፍተው ጀሪካን ሲሞሉ አባ ሀሩን አጥር ጥሰው ገቡ። የእትዬ ከበቡሽ ክንድ እንደ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሳፊያ ቤቷ ሆና ሰማችው።

በማግስቱ የአባቷ ታናሽ ወንድም አብዱረሂም ከጀውሃ ገመድ ይዞ መጣ። ወንድሙን ከማንጎው ዛፍ ጋር ጠፈረው። ሽማግሌው ሲታገሉ ገመዱ አንጓቸውን ልጦ ደም አወጣ።

«አጎቴ፣ በአላህ ይፍቱልኝ!»

«ልፍታውና ሰው ይግደል? አንቺን ለዚያ ልጅ እድርሻለሁ። አባትሽ መጋዘኔ ውስጥ ይቆለፍበታል። አለቀ።»

«አባቴ ታስሮ እኔ አልዳርም!»

በጥፊ አላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

ነጅሙዲን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ከማሳ እንደመጣ፣ ማጭዱን እንደያዘ። ሄዶ ገመዱን በጠሰው። አብዱረሂም ከኋላው በዱላ ጎድኑን አለው፤ ነጅሙዲን ማጭዱን ወርውሮ አንገቱን ያዘው። አፈር ላይ ተያይዘው ሲንከባለሉ የውሃውን በርሜል ገለበጡት። ውሃው በግቢው ፈሰሰ።

አባ ሀሩን ውሃውን አዩ። አካፋቸውን አነሱ።

«ተራው የማን ነው?»

ከላይ የነበረው ነጅሙዲን ነው፤ አካፋው ከአናቱ በላይ ነው። የአጎቷን አንገት ለቀቀ። ባዶ እጁን መሬት ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። ሳፊያ ልትመሰክር አፏን ስትከፍት ሌላ ሰው ቀደማት።

«ተራው ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ። እትዬ ከበቡሽ ነበሩ፣ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው። ከኋላቸው ሰፈሩ ተሰልፏል። «ተራው ነው!» አለ ሁሉም።

አካፋው ወረደ።

አብዱረሂም አፉን እየጠረገ ተነሳ። «ክንድሽን ሰብሮሽም ትመሰክሪያለሽ?»

«እሳቸው የሰበሩኝ ሳያውቁ ነው፤ አንተ የምታስራቸው እያወቅክ!» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «የጤና ኤክስቴንሽኗ ስንቴ ነገረችን፤ አትጨቃጨቋቸው፣ ለልጅቷ ብቻ አትተዉላት ብላ። እኛ ነን ጆሮ ዳባ ልበስ ያልነው። ሠላሳ ዓመት ተራ ሰጡን አይደል? አሁን እኛ ተራ እንግባላቸው።»

እንደተባለው ሆነ። ሰባት ቤት፣ ሰባት ቀን። ባለተራው ቤት አባ ሀሩንን ይዞ ቦይ ለቦይ ይዞራል፤ ሲጠይቁ አጠገቡ ያለ ይመሰክራል። ተራውን ያሳለፈ እንደ ውሃ ሌባ ይወቀሳል። ማክሰኞ የእትዬ ከበቡሽ ነው፤ እሳቸው ቧንቧ የሚከፍቱት ግን ረቡዕ ነው። የብረቱን አካፋ በእንጨት ቢቀይሩላቸው ሽማግሌው በአንድ ቀን አውቀው የቀየረውን ሰው በዚያው በእንጨቱ ወገሩት። ከበሽታቸው አልዳኑም። ግን ከዚያ ወዲህ ማንም አላሰራቸውም፣ ሳፊያም ብቻዋን አላለቀሰችም።

ነጅሙዲን ሰኞን ወሰደ። ቤትም እዚያው ሰፈር ተከራየ፤ ሳፊያም «አሁን ሽማግሌ ላክ» አለችው። የማጀቴ ዘመዶቹ «ሙሽራ ወደ ወንድ አገር ትሄዳለች እንጂ!» ብለው ቢያኮርፉም ለኒካሁ ሩዙን ሊበሉ አልቀሩም።

በኒካሁ ቀን አብዱረሂም በአባቷ ፈንታ ወሊ ሆኖ፣ የነጅሙዲንን ዓይን እየሸሸ ተቀመጠ። ሼሁ ሊጀምሩ ሲሉ አባ ሀሩን ከጥግ ብድግ አሉ። የብረቱን አካፋ ከየት እንዳገኙት እንጃ። ሙሽራው ፊት ቆሙ።

«ተራው የማን ነው?»

ነጅሙዲን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም አለ።

የሴቶቹ ክፍል መጋረጃ ተገለጠ። ሙሽሪት በዚያ ሰዓት ወንዶች መሀል አትገባም፤ ሳፊያ ገባች።

«ተራው ነው አባ።»

ሽማግሌው ፊቷን ብዙ አዩት። ስሟ አልመጣላቸውም።

«ምስክሩ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

አካፋውን አገላብጠው እጀታውን ለነጅሙዲን አቀበሉት።

«በል እንግዲህ፣ ጠብታ እንዳታባክን» አሉት።

ነጅሙዲን በሁለት እጁ ተቀበለ። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ዳበሰና፣ እንደ መሐላው፣ አልተናገረም።