ያልተጠየቀችው ጠበቃ

«ሰው!» አለ ዴዝሞንድ፣ ሳንቲሙ ገና አየር ላይ ሳለ።

ሳንቲሙ ጠረጴዛው ላይ ተሽከረከረና በሰው በኩል ተኛ። ዴዝሞንድ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ «ተቃዋሚ ወገን እንሆናለን» ብሎ መረጠ። ምን ያሳስበዋል? በረዶው መጣል ከጀመረ ወዲህ ተቃዋሚ በሆኑበት ክርክር ሁሉ አሸንፈዋል። የዘንድሮው የትምህርት ቤቶች ክርክር ውድድር ርዕስ «መንግሥት ለሕግ ተማሪዎች ብድር መስጠቱ ጥሩ ፖሊሲ ነው» የሚል ነው። የቡድን ጓደኛው ዊላ ደግሞ ለተቃውሞው የምታወጣው አንድ ታሪክ አላት። ያ ታሪክ ሲነገር ዳኞች እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ቀና ይላሉ።

ዊላ ግን ሳንቲሙን አላየችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ታላቅ እህቷ ብሪጅት፣ የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ውስጥ የተገለበጠ ቺሊ የሚሉትን ትኩስ የሥጋና የባቄላ ወጥ በፕላስቲክ ማንኪያ እየበላች ገባችና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ዊላን ስታያት ማንኪያውን ከፍ አድርጋ ሰላም አለቻት።

«ወይ ጣጣ!» አለች ዊላ በሆዷ።

ጣጣውን ያመጣችው ራሷ ናት። በዚህ ውድድር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ዳኞች ይዞ ይመጣል፤ ዳኛ ያጎደለ ቡድን ነጥብ ይቀነስበታል። ሐሙስ ዕለት ዳኛ ሊሆኑ የነበሩት የአንዱ ልጅ አባት ጉንፋን ያዘኝ ብለው ቀሩ። አሠልጣኟ ሚስ ፕሩት መላ ጠፋቸው። «ዊላ፣ ጠበቃ እህት አለችሽ አይደል?» አሉ። ብሪጅት ቅዳሜ እስከ ቀትር ካልተኛች ሳምንቱን የማትዘልቅ ሰው ናት። ቢሆንም «እሺ በቃ፣ ለአንቺ ስል» ብላ በጨለማ ተነሣች። ዳኛ የራሱን ትምህርት ቤት አይዳኝምና ዊላም ቀኑን ሙሉ ተረጋግታ ነበር። ፍጻሜውን ግን ማንም ገብቶ ማየት እንደሚችል ዘነጋችው። እስቲ አሁን ይሄ ይዘነጋል?

ዴዝሞንድን ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችው።

«እህቴ መጥታለች።»

«አየኋት። አሪፍ ነው፣ ታጨበጭብልናለች።»

«ዴዝ፣ ታሪኩ የእሷ ነው።»

«የቱ ታሪክ?»

«የጠበቃዋ!»

ዴዝሞንድ ክራባቱን ማስተካከሉን ተወ። «አንቺ ‹የማውቃት ሰው ናት› አላልሽኝም?»

«እህቴን ላላውቃት ነው እንዴ?»

«አትቀልጂ! እና… ስለሷ እንደምታወሪ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት በመንግሥት ብድር ሕግ ትማራለች፤ ጠበቃም ትሆናለች። ገንዘብ ለሌላቸው ተከሳሾች እየቆመች ስምንት ዓመት ትሠራለች። ወለዱ ስለሚያብጥ ዕዳው አይጎድልም። ቤት መከራየት አቅቷት እስከ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ድረስ ከወላጆቿ ቤት ሥር ባለው ክፍል ትኖራለች። አሥር ዓመት በሕዝብ አገልግሎት ከሠራች ቀሪው ዕዳ ይሰረዝላታል፤ ስለዚህ ድካም ቢጥላትም ሥራውን መተው አትችልም። በመጨረሻም አንድ ምሽት ከሥራ ስትመለስ ደጅ ላይ መኪናዋን አቁማ፣ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

ይህን ዊላ በዓይኗ አይታዋለች። ዕቃ እያጠበች በወጥ ቤቱ መስኮት ነው ያየችው። ብሪጅት ስትገባ ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀቻትም፤ ፈራች። መድረክ ላይ ግን «የብድሩ ሂሳብ የደረሳት ቀን ነበር» ትላለች። ማን ነገራት? ማንም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ዕለት እንዲሁ ከአፏ ወጣ፤ ዳኞቹ ራሳቸውን ሲወዘውዙ ደግሞ በዚያው ቀረ።

«ስሟን አልጠራሽም» አለ ዴዝሞንድ። «ወደሷ አትዪ፣ ተናገሪና ተቀመጪ። በቃ።»

«እኔ ባላያት እሷ አትሰማኝም?»

«ዊላ፣ እኔ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱን ጨራሽ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ቢጫ አውቶቡስ ተንገላትቼ አንዴም ለመላው ኦሃዮ ግዛት ውድድር አላለፍኩም። ዛሬ ካሸነፍን እናልፋለን። አንቺ ገና ሁለት ዓመት አለሽ፤ እኔ የለኝም።»

እውነቱን ነው። የከፋውም እሱ ነው። ዊላ ተከትላው ገባች።

ተጋጣሚዎቻቸው ከቶሊዶ ከተማ ዳርቻ ካለ የግል ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ሎረል የምትባለው ልጅ ቀድማ ተነሣችና ያለ ወረቀት ተናገረች። ብድሩ ባይኖር የሕግ ትምህርት የሀብታም ልጆች ርስት ይሆን ነበር አለች። ድሃ ሲከሰስ ድህነትን የሚያውቅ ጠበቃ ከየት ይመጣል ብላ ጠየቀች። ጎበዝ ናት፣ ምን ይደረግ!

ዊላ ተራዋ ደርሶ ቆመች። መንግሥት የተጠየቀውን ያህል ስለሚያበድር ትምህርት ቤቶቹ ዋጋ ለመጨመር አያፍሩም አለች። የጥብቅና ፈተናውን ያላለፈ ሰው ዕዳው ብቻ ይቀርለታል አለች። ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ነገ በደመወዝ ለሚበልጠው ጠበቃ በግብሩ ለምን ዋስ ይሆናል አለች። እነዚህ ሁሉ ደህና ነጥቦች ናቸው፤ ብቻቸውን ግን የትም አያደርሱም። ከዚያ የታሪኩ ቦታ ደረሰ።

ቀና ስትል ብሪጅትን አየቻት። ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላለች። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል፤ ፊቷ ግን በኩራት በርቷል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ዊላ ግን በዚያች ሰዓት አፏ ሊያመልጣት እንደሆነ ደህና አድርጋ አወቀች።

«አመሰግናለሁ» አለችና ሰዓቷ ሳያልቅ ተቀመጠች።

ዴዝሞንድ አንገቱን ደፋ።

መስቀለኛ ጥያቄው ላይ ሎረል ፈገግ አለች። የግል ትምህርት ቤቱ ልጆች የሌሎችን ክርክር እየተከታተሉ ማስታወሻ እንደሚይዙ ማን የማያውቅ አለ?

«ከዚህ በፊት በነበሩት ዙሮች አንዲት ጠበቃ ነበረችሽ። መኪና ውስጥ የምታለቅስ። መልስ አዘጋጅተንላት ነበር እኮ! ዛሬ የት ጠፋች? ወይስ መጀመሪያውኑ የለችም?»

ከኋላ ጥቂት ልጆች ሳቁ። ለዚህ የሚሆን ማምለጫ ሚስ ፕሩት አስተምረዋቸዋል፤ «ዛሬ ስላልተነሣ ነገር አልመልስም» ማለት ይበቃል። ደንቡም ይፈቅዳል። ዊላ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አለች። ሳልጠይቃት ነበር የማወራባት። ዛሬ አላወራም።»

«እንግዲያው ያ ማስረጃ የላችሁም ማለት ነው?»

«የለንም።»

ብሪጅት መጀመሪያ ከሌሎቹ ጋር ግራ ተጋብታ ትመለከት ነበር። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ጠፋ። ዊላ ወደዚያ ማየቱን ተወች።

ሁለት ዳኞች ለሎረል፣ አንዱ ለነዊላ ፈረዱ። ዴዝሞንድ ከሁሉም ጋር ተጨባበጠ፤ እሱ ጨዋ ልጅ ነው። ኮቱን እየለበሰ «ጎበዝ» አላት ለዊላ። ብቻ ሙገሳ አይመስልም ነበር። ሌላ ምንም ሳይጨምር ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ዊላ ከእህቷ ጋር በመኪና ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መንገዱ ዳር የተጠረገው በረዶ ጥቀርሻ መስሏል።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለች ብሪጅት።

«አዎ።»

«ለስንት ሰው አወራሽው?»

«ለብዙ።»

«እስቲ ንገሪኝ። ልክ ለነሱ እንደምትናገሪው።»

ማለስለስ ትችል ነበር። ምድር ቤቱንም ልቅሶውንም ዘላ «ስለ ብድር ብቻ ነው» ብትል ማን ያጋልጣታል? ዊላ ግን ጉሮሮዋን ጠረገችና «አንዲት ጠበቃ አውቃለሁ» ብላ ጀመረች። አንድም ቃል አልቀነሰችም። ድምጿን ዝቅ የምታደርግበት ቦታ ሲደርስ ሳታስበው ዝቅ አደረገችው፤ በራሷም አፈረች። መኪናው ውስጥ ስላለቀሰችው ሴት ተናግራ ስትጨርስ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች።

«የብድሩ ሂሳብ የደረሰኝ ቀን?» አለች ብሪጅት።

«እንደዚያ መስሎኝ ነው።»

ብሪጅት ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «አንቺ ልጅ! ያን ቀን እኮ አሸንፌ ነበር።»

«ምን?»

«አንዲት እናት ነበረች። ብትፈረድባት ልጆቿን ይወስዱባት ነበር። በነፃ ተሰናበተች። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንቃ አቅፋኝ አልለቅም አለች። እንደምንም ራሴን ይዤ ነዳሁ፤ ቤት ስደርስ አቃተኝ። ደስታም ድካምም አንድ ላይ መጣብኝ።» የትራፊክ መብራት ላይ ፍሬን ያዘች። «የዚያን ዕለት ብድሩን መርቄዋለሁ፣ ታምኛለሽ? እሱ ባይኖር ኖሮ ያቺ ሴት አጠገብ ማን ይቆም ነበር እያልኩ።»

«ታዲያ ጥሩ ነው ማለት ነው? ብድሩ?»

«ሰኞ ጠዋት ጠይቂኝ፣ ስረግመው ትሰሚያለሽ። ትምህርት ቤቱ የጠራብኝን ዋጋ ሳስብ ደሜ ይፈላል። ይህን ሥራ ትተሽ ሂጂ የሚለኝ ቀን አለ፤ ሁለት ዓመት ስለቀረኝ ብቻ ተመልሼ እገባለሁ። እኔ እንጃ፣ ዊላዬ። ደክሞኛል።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። «ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር።»

የዊላ እንባ መጣ፤ በጓንቷ ጠረገችው።

ስልኳ ጮኸ። ዴዝሞንድ ነው። «ቢያንስ ታሪኩ እውነት ነበር?» ይላል።

ጣቶቿ ወዲያው መጻፍ ጀመሩ፤ ስለ እናቲቱ፣ ስለ ልጆቿ፣ ብሪጅት ስለማሸነፏ። ይህን ሲሰማ ይገባዋል፣ ምናልባትም ይቅር ይላታል። መሃል ላይ ቆመች።

«ያን ቀን ለምን እንዳለቀስሽ ለዴዝ ልንገረው?»

ብሪጅት ትንሽ አሰበች። «አይ፣ አትንገሪው» አለች። «የሴትየዋ ጉዳይ ነው። ለአንቺም መንገሬ ራሱ ስህተት ሳይሆን አይቀርም።»

«እሺ።»

ዊላ የጻፈችውን ሁሉ አጠፋች። በምትኩ «አልነበረም» ብላ ጻፈችና ላከችለት።