የፉርሽካ በረዶ

«መጣ! ትሕትና፣ መጣልን!»

ሀይፋ ይህን ብላ ስትጮህ በረዶው የእነትሕትናን ቆርቆሮ መደብደብ ገና መጀመሩ ነበር። ሁለቱ ልጆች የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። ሰው ሁሉ ከበረዶ ሲሸሽ እነሱ ወደ በረዶ ሮጡ። ጭንቅላታቸውን እየቆረቆማቸው፣ ከአሸንዳው ሥር የተከመረውን በእጃቸው እየዛቁ ሳፋውን ሞሉት። የትሕትና እናት ወይዘሮ አልማዜ በበሩ ብቅ ብለው «እናንተ ልጆች፣ አብዳችኋል እንዴ? ግቡ!» አሉ። የሰማቸው የለም።

አላበዱም። መንሸራተቻውን ሠርተው ከጨረሱ ጀምሮ የጠበቁት በረዶ ነበር። የሳይንስ ክበቡ ኃላፊ መምህር ደሜ በኢንተርኔት አንድ የታዳጊዎች ውድድር አግኝተው ነበር። ውድድሩ በረዶ በሚበዛበት አገር መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት የሚያደርስ፣ በሞተር የሚሄድ መንሸራተቻ ሠርቶ በረዶ ላይ ሲሄድ ቀርጾ መላክ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጎማ ቆንጥጦ በማይዝበት በረዶ ላይ መንሸራተቻውን ምን ይገፋዋል? ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ ኮልፌ ላይ ምን በረዶ አለ? የጭቃ ውድድር የለም?» አለ ማርቆስ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ሀይፋና ትሕትና ግን ያላዩት በረዶ ናፈቃቸውና ተመዘገቡ።

ሲጀምሩ ተከራክረው ነበር። ትሕትና ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ከኋላ ይደረግ፣ ነፋሱ ይግፋው አለች። ሀይፋ «እሱማ ፀጉር ማድረቂያ ነው» ብላ አፌዘችባት። የሀይፋ ሐሳብ ቀበቶ ነበር። እታች መንገድ ሥራው ላይ የቆመው ዶዘር በዚያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ የሚሄደው በሰንሰለቱ ነው፤ የእነሱም እንደዚያ ይሁን። ትሕትና ሁልጊዜ እንደምታደርገው እሺ አለች። ሞተሩ ይገዙ የሚባለው ቆራሌ ካመጣላቸው የተሰበረ የአሻንጉሊት መኪና ወጣ። የፊቱ መንሸራተቻ ለሁለት የተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ ሆነ። ቀበቶው የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪ ነው፤ መሬቱን የሚቧጥጡት ጥርሶች ደግሞ ከአሮጌ በረባሶ ተቆርጠው የተለጠፉ ናቸው። በረባሶው ስላልበቃ አንዱ ጥርስ ከቀይ ነጠላ ጫማ ተቆረጠ። ያንን ቀይ ጥርስ የቆረጠችውም የለጠፈችውም ሀይፋ ናት።

የሀይፋ እናት ሃጂራ የከብትና የዶሮ መኖ ትሸጣለች። ፊልም ላይ ያዩት በረዶ ለስላሳና ብን የሚል ነው፤ ፉርሽካም ለስላሳና ብን የሚል ነው። ስለዚህ ከሱቁ ጓሮ ማዳበሪያ አንጥፈው ፉርሽካ በተኑበትና መንሸራተቻውን አስነሡት። እንዴት እንደሄደ! እየቧጠጠ፣ ከኋላው ቡናማ አቧራ እየረጨ ጓሮውን አቋረጠ። «የእናንተ በረዶ ለዶሮም ይሆናል» ብላ እናቷ ሳቀችባቸው። እነሱ ግን በዚያ ቀን ያሸነፉ መሰላቸው።

አሁን ግን ሳፋው ውስጥ ያለው እውነተኛ በረዶ ነው። ከአሸንዳው ሥር ጠቅጠቅ አድርገው ደልድለው ዘረጉት። ሀይፋ የእናቷን ስልክ ለቀረጻ አዘጋጀች፤ ትሕትና ሽቦዎቹን አገናኘች። ቀበቶው ሁለቴ ዞረ። ከዚያ እርጥቡ በረዶ በቀበቶውና በመዘውሩ መካከል ገባ፣ ታጨቀ፣ እንደ ድንጋይም ጠጠረ። ሞተሩ ጮኸ እንጂ ቀበቶው ንቅንቅ አላለም። በረዶውን በጥፍራቸው ፍቀው እንደገና አስነሡት። ያው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሞክሩ ቀበቶው ጭራሽ ወልቆ ወደቀ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

ፉርሽካ ደረቅ ነው። በረዶ ግን ውሃ ነው። ይህን ቀላል ነገር እንዴት አላሰበችውም?

«ነገ እኮ ለቲቸር የምናስረክብበት የመጨረሻ ቀን ነው» አለች ትሕትና። ቀበቶውን ከጭቃው ላይ አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው።

ሀይፋ ቀና ብላ ቤቱን አየችው። መጋረጃው ወርዷል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ግቢው መንገድ ሊያልፍበት ስለሆነ እነትሕትና ቅዳሜ ወደ ኮዬ ፈጬ ይሄዳሉ፤ ከከተማዋ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ። ትምህርት ቤት ትቀይራለች። የውድድሩ አላፊዎች ግን በክረምት ካምፕ ገብተው አንድ ላይ ይሰነብታሉ። ትሕትና ከአሁኑ «ላይኛው አልጋ የኔ ነው» ብላ ወስናለች። ስለዚያ አልጋ በቀን ስንቴ እንደምታወራ!

«ምንም ማድረግ አንችልም» አለች ሀይፋ። ዝናቡ ሲያባራ ስልኩን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ደህና እደሪ ማለቱንም ረሳችው።

በማግስቱ ዓርብ መምህር ደሜ የክበቡን ልጆች ኮምፒውተር ክፍል ሰበሰቧቸው።

«ትሕትና ጠዋት አንድ ነገር ሰጠችኝ። እዩልኝ!»

ስክሪኑ ላይ የእነትሕትና ጓሮ መጣ። ነጭ በረዶ ተነጥፏል። በላዩ ላይ የእነሱ መንሸራተቻ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ማርቆስ ሳይቀር «ቀሽት ነው!» አለ። ሀይፋም ለቅጽበት ልቧ በደስታ ዘለለ። ትሕትና ሌሊቱን አስተካክላው ይሆናል ብላ አሰበች። ከዚያ ዓይኗ ቀዩ ጥርስ ላይ አረፈ። ቀበቶው ቢዞር ቀዩ ጥርስ ወደ ታች መውረድ፣ መጥፋት፣ ተመልሶ መውጣት ነበረበት። እሱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀና ብላ ትሕትናን ብታያት ትሕትና ወለሉን ታያለች።

«ሀይፋ፣ የቀረው ያንቺ ድምፅ ብቻ ነው» አሉ መምህር ደሜ እጃቸውን እያፋተጉ። «ቀበቶው የአንቺ ንድፍ ነው። ነገ ጠዋት እዚሁ ነኝ፤ ነይና በረዶው ላይ እንዴት እንደሚገፋ በአጭሩ ታስረጂያለሽ። አያይዤ እልከዋለሁ።»

ከትምህርት ቤት ወጥተው እስከ ታክሲው ፌርማታ ድረስ ሄዱ። ደመናው ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል የሚመጣውን ሽታ ይዞ ከላያቸው ተንጠልጥሏል።

«ቀዩ ጥርስ አልዞረም» አለች ሀይፋ በመጨረሻ።

«የምን ጥርስ?»

«ትሕትና። በምን ጎተትሽው?»

ትሕትና የቦርሳዋን ማንገቻ መጎተት ጀመረች። «በናይለን ክር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ያልቀለጠ በረዶ ነበር። ትንሹ ወንድሜ ብሩኬ በእማዬ ስልክ ቀረጸልኝ። ለማንም እንዳይናገር በማርያም አስምዬዋለሁ።»

«ፎርጅድ እኮ ነው!»

«እና? አቦ፣ አታካብጂው ሀይፉ! ማን ነው በረዶ የሚያውቀው? ቲቸር ደሜ ራሳቸው አይተው ያውቃሉ? አንድ ቀጭን ክር ናት። እስካሁን ያየ ሰው የለም።»

«እኔ አይቻለሁ። በድምፄ እንድዋሽ እኮ ነው የምትፈልጊው። ወላሂ፣ ምን ብዬ ነው የማወራው?»

ትሕትና ቆመች። ስትናደድ እንደሌላው ሰው አትጮህም፤ ድምፅዋ ይቀንሳል።

«የኔ ማራገቢያ ቢሆን ይሄድ ነበር። በረዶ የሚገባበት ቀበቶ የለውም። ፀጉር ማድረቂያ አልሽኝ፤ ዝም አልኩሽ። ዶዘር አልሽ፤ እሺ አልኩሽ። አሁን አንዴ እሺ በዪኝ።»

ነገሩ እውነት ነበር።

«ቤቴ ይፈርሳል» አለች ትሕትና። «ትምህርት ቤቴን እለቅቃለሁ፤ ሰፈሬን እለቅቃለሁ። የቀረኝ ያ ካምፕ ነው። እሱን ደግሞ አንቺ ውሰጂብኝ።»

ታክሲው መጣ። ሁልጊዜ አንዷ ለሌላዋ ቦታ ትይዝ ነበር፤ ዛሬ ግን ትሕትና በመጨረሻው ባዶ ወንበር ተቀመጠችና በሩ ተዘጋ። ሀይፋ በእግሯ ሄደች።

ሱቅ ስትደርስ እናቷ ለአንድ ደንበኛ ፉርሽካ እየመዘነች ነበር። «ነይ፣ ይሄን እሰሪልኝ» አለቻት። ሀይፋ የማዳበሪያውን አፍ ቶሎ ቶሎ ጠቅልላ አሰረችው። ሰውዬው ተሸክሞ ደጁን ሳያልፍ ገመዱ ተፈታና ፉርሽካው እርጥቡ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!» አለች እናቷ። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ሰፈረችለት። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል። ከትሕትና ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም፣ ኡሚ።»

«ልጅቷ ነገ የምትሄድ ናት። ጥል ካለም ዛሬ ይለቅ።»

ሀይፋ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ምን ብላ? ብትነግራት የትሕትና ስም ይጠፋል፤ ዝም ብትል ደግሞ ነገ ውሸቱ የእሷ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ጎንበስ አለችና የፈሰሰውን ፉርሽካ መጥረግ ጀመረች። እርጥበት የነካው ፉርሽካ ተጣብቆ ከመጥረጊያው አልላቀቅ አለ። ይህን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጓሮው ውስጥ ሲሞክሩ አይታው ቢሆን ኖሮ!

ቅዳሜ ጠዋት እነትሕትና ደጅ አይሱዙ ቆሟል። ቁምሳጥኑ፣ አልጋው፣ ያ ሳፋም ሳይቀር ተጭኗል። ከበሩ በላይ የነበረው የመድኃኔዓለም ሥዕል ወርዶ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ወይዘሮ አልማዜ ሀይፋን ደጋግመው ሳሟት።

«እንዳትጠፊብን፣ የኔ ልጅ። ሩቅ ነው ብለሽ እንዳትቀሪ።»

«እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ።»

ትሕትና ጭነቱ ላይ፣ በተጠቀለለው ፍራሽ መሃል ተቀምጣለች። ሀይፋ ከታች ሆና ቀና አለች። ስለዚህ ቀን ብዙ ጊዜ አስባ ነበር። ተቃቅፈው የሚላቀሱ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያያቸው ይመስላት ነበር።

ትሕትና መንሸራተቻውን ከጎኗ አንሥታ ወደ ታች ዘረጋችላት።

«ያዢው። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ቦታ የለም ብላለች እማዬ።»

ሀይፋ ተቀበለቻት። ቀበቶው ተመልሶ ገብቷል። መዘውሩ ላይ ቀጭን ናይለን ክር እንደታሰረ ነው፤ በብርሃን ካልሆነ አይታይም።

«ልትናገሪ ነው?» አለች ትሕትና።

«አንቺ ጎተትሽው ብዬ ለማንም አልናገርም።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ሀይፋ ክሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ትሕትና ፊቷን አዞረች፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ጭቃውን እየረጨ፣ በቆመው ዶዘር አጠገብ አልፎ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። ሀይፋ ትዞራለች ብላ እስከ መታጠፊያው ጠበቀች። ትሕትና ዘወር አላለችም። ያኔ ሀይፋ እንባዋ መጣ። መንገድ መሃል፣ መንሸራተቻውን አቅፋ፣ ሰው ያየኛል ሳትል አለቀሰች። ሲበቃት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

መምህር ደሜ ኮምፒውተር ክፍል ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«መጣሽ? በይ፣ ቪዲዮውን ልክፈተው፤ እያየሽ ታወሪያለሽ።»

«ቲቸር፣ እኔ ሌላ አለኝ» አለች ሀይፋ። የእናቷን ስልክ ከፍታ ሰጠቻቸው።

መምህሩ ተመለከቱ። ሞተሩ ሲጮህ፣ በረዶው ሲታጨቅ፣ ቀበቶው ወልቆ ሲወድቅ አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ያኛው እንዴት ሄደ?»

«ያኛውን ይተዉት፣ ቲቸር። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይጠይቁኝ።»

መምህር ደሜ አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነበር የሚመስለው። «ይሄኛው ከተላከ እንደማታልፉ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ትሕትናስ ታውቃለች?»

ሀይፋ አንገቷን ደፋች። ውጭ ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። አሁን አይሱዙው የት ደርሶ ይሆን፣ ፍራሹስ ሸራ ለብሶ ይሆን ብላ አሰበች። መምህሩ ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፈው አቆሙት፤ የመቅረጫውን ምልክት ነኩት።

ሀይፋ መንሸራተቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀዩን ጥርስ በጣቷ ገፋ አደረገችው። ወደ ታች ወረደ፣ ጠፋ፣ ዞሮ መጣ።

«ይህ የትሕትናና የሀይፋ መንሸራተቻ ነው» አለች። «በረዶ ላይ አይሄድም። ለምን እንደማይሄድ አስረዳችኋለሁ። በመጀመሪያ ግን ትሕትና ያኔ ስለ ማራገቢያው ስትነግረኝ ያልሰማኋትን ልንገራችሁ።»