ለዝግባ የተጻፈ አስተያየት

ተማሪው ፍሬአብ በቡናው ማሳ መሃል፣ ከሲሚንቶው የውኃ ገንዳ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ፊቱ በኮባ ቅጠል ተሸፍኗል። ኢንስፔክተር የዓለምዘርፍ ከሚዛን ተፈሪ ተጠርታ ቴፒ አጠገብ ወዳለው የምንጭ በር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል፤ ከጥላ ዛፎቹ የቀረው ጠብታ ብቻ ይንጠባጠባል።

«ማን ነው የሸፈነው?»

«እንዲሁ ተሸፍኖ ነው ያገኘሁት» አለ የግቢው ጥበቃ። «ዝናቡ እንዳባራ ስዞር አየሁት። ገለጥ አድርጌ መሞቱን ሳውቅ መልሼ ሸፈንኩት።»

የዓለምዘርፍ አጎንብሳ ቅጠሉን አነሳች። የልጁ ሸሚዝና ሱሪ በስብሷል፤ ፊቱ ግን ደረቅ ነው። ከኋላ ጭንቅላቱን የገንዳው ጠርዝ መትቶታል። የቅጠሉ አገዳ በቢላ የተቆረጠ አይደለም፤ በእጅ ተጠምዝዞ የተገነጠለ ነው። ከአገዳው የወጣው ውኃ ጣቷ ላይ ሲያርፍ በመሀረብ ጠረገችው። ልጅ ሳለች ይኸው የኮባ ውኃ ቀሚሷን አበላሽቶ እናቷ ተቆጥተዋት ያውቃሉ፤ ጥቁር ቡናማ ይሆንና በምንም አይለቅም።

ገንዳውን በረጅም እንጨት ሲያስስ የነበረው ፖሊስ ከመሃሉ ስልክ ጎትቶ አወጣ። የፍሬአብ ነበር።

«ልጁ የወደቀው ከገንዳው ውጭ ነው፤ ስልኩ ግን መሃል ገብቷል» አለች የዓለምዘርፍ። «የተወረወረ ነው። ስለ ስልኩ ለማንም እንዳትናገሩ።»

በመጀመሪያ ያነጋገረችው መምህርት ሱሀይላን ነው። ሱሀይላ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ በዚህ ዓመት ተማሪዎቿ በኮምፒውተርና በስልክ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዲያርሙ ያደረገች መምህርት ናት። በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች።

«ይህ መተራረም የምትሉት ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ተማሪው ጽሑፉን ይጭናል፤ ሲስተሙ በዕጣ ለአንድ የክፍል ጓደኛው ይልከዋል። አራሚው የሚያየው የዛፍ ስም ብቻ ነው፤ ብሳና፣ ወይራ፣ ኮሶ እያለ። ጸሐፊው ግን ጽሑፉ በየትኛው ዛፍ እንደተሰየመ አያውቅም። አስተያየቱ የሚደርሰውም ዓርብ፣ ለሁሉም አንድ ላይ ሲለቀቅ ነው።»

«ይህን ያህል መደበቅ ለምን አስፈለገ?»

«ስም ሲታይ ወዳጅ ወዳጁን ያሞግሳል፣ የሚቀናው ደግሞ ይጥላል። ስሙን ስደብቀው ከልባቸው ማንበብ ጀመሩ። አፋቸውን ዘግተው ይወጡ የነበሩ ልጆች ዛሬ እየተከራከሩ እስከ ቢሮዬ ይከተሉኛል።» ይህን ስትል ፊቷ በራ፤ ወዲያው ግን አፍራ አቀረቀረች።

«ፍሬአብስ?»

«እንደ እሱ የሚያነብ አላየሁም። ሁሉም ጽሑፉ ለፍሬአብ እንዲደርስለት ይመኝ ነበር። ይህም ብዙ ሰው አስቀንቶበታል።»

ሱሀይላ የልጁን ገጽ ከፈተች። ከምሳ በኋላ በስልኩ የጀመረው፣ ሲስተሙ በራሱ ያስቀመጠው፣ ነገር ግን ያልተላከ አንድ አስተያየት ነበር፦

«ዝግባ፣ ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ፈርተሽ ነው ያቆምሽው። የምታውቂውን ያህል አልጻፍሽም። ቀጥይበት። እኔ ካንቺ ሌላ የማን ጽሑፍ እንዲህ እንደሚያጓጓኝ አላውቅም።»

«ይህን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል?»

«ካልተላከ አይችልም። እኔም አሁን እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው የከፈትኩት።»

«ዝግባ ማን ነው?»

ሱሀይላ ጥቂት አመነታችና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችው። የዓለምዘርፍ ስሙን አነበበች።

ከዚያ ዶክተር ሚካኤልን ወደ ቢሮአቸው ሄዳ አነጋገረቻቸው። ለዓመታት የግቢው አንጋፋ መምህር ነበሩ፤ ዘንድሮ ተማሪዎቹ ወደ ሱሀይላ ክፍል መጉረፋቸው እንዳንገበገባቸው ለመደበቅ አልሞከሩም።

«ተማሪ ተማሪን ካረመ እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» አሉ። «ፍሬአብን ትናንት በሰው ፊት ተቆጥቼዋለሁ። የእኔን የማስተማሪያ ጽሑፍ እንደ ክፍል ጓደኛው ሊያርም መጣ።»

«ትክክል ነበር?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እሱ ነው ያናደደኝ» አሉ።

«ስለ ዝግባ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«ዝግባ? ከመግቢያው በር ስላሉት ዛፎች ነው?»

ሳህሉ ደግሞ ከፍሬአብ በፊት የክፍሉ አንደኛ የነበረ ልጅ ነው። ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሰምቶታል።

«እቀናበት ነበር» አለ ሳትጠይቀው። «የእኔን ጽሑፍ እንዳረመው ባለፈው ዓርብ ከደረሰኝ አስተያየት አወቅኩ። ባዶ ነው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ይህን ከመጽሐፍ ነው ያመጣኸው፤ አንተ የት አለህ?› ብሎ ጻፈልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ። ግን አልነካሁትም፣ እትዬ።»

«ዝግባን ታውቀዋለህ?»

«እሱ ደግሞ ማን ነው? ለእኔ የደረሰኝ ብሳና ነው።»

መጨረሻ ላይ ሮዳስ መጣች። የማሻ ልጅ ናት፤ ከፍሬአብ ጋር ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አብረው ናቸው። ጽሑፏን ሁሉ ድሮ በእርሳስ ያርምላት የነበረው እሱ ነው። ከንፈሯ ደርቋል። የሹራቧን የቀኝ እጅጌ ወደ ውስጥ አጥፋዋለች፤ የታጠፈው ቦታ ገና አልደረቀም።

«ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ራሴን አሞኝ ዶርም ተኝቼ ነበር።»

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አንጣላም። ብቻ... ይህ መተራረም ከመጣ ወዲህ ጊዜ አልነበረውም። ለማያውቀው ሰው ሲጽፍ ይውላል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ።»

«ስለ ዝግባ ነግሮሽ ያውቃል?»

የሮዳስ ፊት ተለወጠ። «አላውቃትም» አለች። «ማን እንደሆነች ቲቸር ሱሀይላን ይጠይቋት።»

የዓለምዘርፍ ልጅቷን አመስግና አሰናበተቻት።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም በኮምፒውተር ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ዶክተር ሚካኤል ከሱሀይላ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሳህሉ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሮዳስ በሩ አጠገብ ነበረች።

«እዚህ ግቢ የሁሉም ሰው ነገር ቅናት ነው» ብላ ጀመረች የዓለምዘርፍ። «ዶክተር በመምህርቷ ይቀናሉ። ሳህሉ በሟቹ ይቀና ነበር፤ ራሱም ነግሮኛል። ስለዚህ ማን ቀና ብዬ ብጠይቅ የትም አልደርስም ነበር። ከቅጠሉ ጀመርኩ።

«የፍሬአብ ልብስ በዝናብ በስብሷል፤ ፊቱ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ፊቱ ላይ የዋለው ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ነው፤ ጥበቃው ሬሳውን ያገኘው ደግሞ ካባራ በኋላ። ሲወድቅ አብሮት የነበረ ሰው ነው የሸፈነው። የሚጠላውን ሰው ገፍትሮ የጣለ ይሮጣል እንጂ ቅጠል ገንጥሎ ፊቱን አያለብስም። ይህን ያደረገው የሚወደው ሰው ነው። የቀናውም ፍሬአብ ስለበለጠው ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ፈርቶ ነው።»

ሳህሉ ቀስ ብሎ መስኮቱን ተደገፈ።

«ያ ሰው ስልኩን ነጥቆ ገንዳ ውስጥ ወርውሯል። ያስቆጣው ነገር ስልኩ ላይ ነበር ማለት ነው። ፍሬአብ ከምሳ በኋላ ዝግባ ለሚባል ጸሐፊ አስተያየት ሲጽፍ ነበር። አልላከውም፤ ከእሱና ስልኩን አጠገቡ ሆኖ ካየ ሰው በቀር ያነበበው የለም። ሦስታችሁንም ስለ ዝግባ ጠየቅኩ። ዶክተር ዛፍ መሰላቸው። ሳህሉ ‹እሱ ማን ነው› አለኝ፤ ለማያውቁት ሰው እንደዚያ ነው የሚባለው። እኔም ‹ማን ነው› እያልኩ ነበር።» ወደ በሩ ዞረች። «ሮዳስ ግን ‹አላውቃትም› አለችኝ። ዝግባ ሴት መሆኗን የሚያሳየው ‹ጽሑፍሽን›፣ ‹ካንቺ› የሚለው አጻጻፍ ብቻ ነው። እሱም ያ ያልተላከ አስተያየት ላይ ነው ያለው።»



«ይህ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። እጅጌሽን ፍቺው፣ ልጄ።»

ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ ዘረጋችው። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳው ጫፍ ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ተበትኗል።

«የኮባ ውኃ ነው» አለች የዓለምዘርፍ። «ዶርም ውስጥ ኮባ የለም።»

«ልገድለው አልነበረም» አለች ሮዳስ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ማን ናት አልኩት። ‹እስከ ዓርብ ታገሺ› ብሎ ሳቀ። ለእኔ እንደዚያ ጽፎልኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ገፋሁት። ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ። ስጠራው አልመለሰም። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ማየት አልቻልኩም።» ወደ ሱሀይላ ዞረች። «ቢያንስ ንገሪኝ። ማን ናት?»

ሱሀይላ ወደ ኢንስፔክተሯ ተመለከተች። የዓለምዘርፍ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ስለ ማሻ ጫካ የተጻፈው ነው» አለች ሱሀይላ። እንባዋ ይወርድ ነበር። «ዝግባ ያንቺ ጽሑፍ ነው፣ ሮዳስ።»

ዶክተር ሚካኤል ተነሥተው ወንበር አቀረቡላት። አልተቀመጠችም። ሳህሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆየ።

የፖሊሱ መኪና ወደ ሚዛን መንገድ ሲወጣ የዓለምዘርፍ ከኋላ፣ ከልጅቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሮዳስ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ጠየቀች።

«እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር?»

የዓለምዘርፍ በሥራዋ ብዙ ሰው ለማረጋጋት ዋሽታ ታውቃለች። አሁንም አላውቅም ማለት ይቀላት ነበር።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ባያውቅ ኖሮ አስተያየቱ እስኪደርስሽ፣ እስከ ዓርብ ታገሺ አይልሽም ነበር።»

ልጅቷ የታሰሩ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራ ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ሚዛን እስኪደርሱም ቀና አላለችም።