የመድፈኛው መልስ

በአንድ የፈረንጅ አገር ከጎረቤት ጋር የተካሄደው ጦርነት በዕርቅ ከተዘጋ ወዲህ፣ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድሳዎቹ መገባደጃ፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ ያለው የካቶሊካውያን ገዳም ጣሪያ ገና እንደተነደለ ነበር፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር መነኮሳቱ ባልዲ ደርድረው ጸሎታቸውን ይደግሙ ነበር። ጣሪያውን የነደለው መድፍ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ አንዱ ወገን በሌላው ያላክካል።

በዚህ ገዳም ለክህነት ከሚማሩት አንዱ የቀድሞ የመድፈኞች ሃምሳ አለቃ ነበር። በጦር ሜዳ ሳለ ጓደኞቹ «አባ መቁጠሪያ» ይሉት ነበር፤ መቁጠሪያውን ሳይደግም መድፉን አያጎርስምና «እስክትጨርስ ጠላት ቁጭ ብሎ ይጠብቅህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እርሱም ጸሎቱን ይጨርሳል፤ ከዚያም ይተኩሳል።

እናቱ ልብስ ሰፊ መበለት ነበረች፤ ሳንባዋን ታማ አልጋ ከያዘች ወዲህ የቀራት ምኞት ሳትሞት ከልጇ እጅ መቁረብ ነበር። ሆኖም በዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሕግ በእጁ ሰው የገደለ፣ በጦር ሜዳም ቢሆን፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ቅስና አይቀበልም፤ ፈቃዱም ከሩቅ ተጠይቆ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ሐኪሙ ግን ክረምቱን ትሻገራለች የሚል ተስፋ አልሰጠም።

«ሰው ገድለሃል ወይ ብለው ከጠየቁህ የለም በል» አለችው እናቱ፣ ጳጳሱ ሊመረምሩት በመጡበት ዋዜማ። «መድፉ የመንግሥት፣ ትእዛዙ የጄኔራሉ፤ አንተ ምን አገባህ ልጄ?»

በማግሥቱ በገዳሙ ዕቃ ቤት፣ የታጠፉ አልባሳት ከተደረደሩበት ረጅም ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው ጳጳሱ ጠየቁት።

«በእጅህ የሞተ ሰው አለ?»

«ጭስ ነበር፣ ብፁዕ አባታችን፤ አላየሁም።»

ጳጳሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ የእናቲቱንም ነገር ሰምተዋል። «እንግዲያውስ የለም በልና እንገላገል። ያላየኸውን መስክር የሚልህ የለም» አሉት።

«ጭሱ ሲገፈፍ ቆመው የነበሩት ወድቀው አየሁ። ሌሎችም መድፎች ነበሩ፤ የእኔ አይደለም ለማለት ግን አፌ እሺ አይለኝም።»

«እናትህንስ አስበሃል?»

«ሌላ ሳስብ አላደርኩም።»

ጳጳሱ ለልዩ ፈቃዱ እንደሚጽፉ ነገሩት፤ ለእናቲቱ እንደማይደርስ ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

እናቱ ስትሰማ አልጮኸችም። «ለሰው ሁሉ የሚራራ አንጀትህ ለእኔ ጨከነ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ከዚያ ወዲያም አላነጋገረችውም። እርሱም በየማለዳው ውሃ እያሞቀ ፊቷን ያጥባት፣ ትራሷን ያስተካክልላት ነበር። አዘነ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም።

የመጨረሻዋን ቁርባን ያቀበላት በቅርቡ የተቀባ ወጣት ቄስ ነበር። ልጇ ከአልጋው ጎን ተንበርክኮ ቁርባኑ እንዳይወድቅ ነጭ ጨርቅ ከአገጯ ሥር ዘርግቶ ያዘ። እርሷ ቄሱን አላየችም፤ ልጇን እያየች አፏን ከፈተች። ይቅር ትበለው አትበለው ሳትናገር አረፈች።

ፈቃዱ ከቀብሯ በኋላ ደረሰ፤ እርሱ ግን ቅስናውን አልፈለገውም፤ ምንኩስናን ብቻ ተቀብሎ በገዳሙ በረኛነት አረጀ። ታሪክ ጸሐፊዎች ለጄኔራሉ ሰፊ ምዕራፍ ሰጥተዋል፤ መድፈኞቹንም ኢላማ የማይስቱ ብለው አመስግነዋል። አንድ ሰው ለአንድ መልስ ሲል የእናቱን የመጨረሻ ምኞት መንፈጉ ግን የትም አልተጻፈም፤ ደግ ይሥራ ይበድል፣ እርሱ ራሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ቁርጡን አላወቀም።