ማንም ጮክ ብሎ ያላነበበው ምልክት

ሐይኩ የሚባለውን አጭር የጃፓን ግጥም የሚጽፉት ገጣሚዋ ኪሪሺማ ታዙ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊታቸው ወደ አትክልቱ ስፍራ እንደዞረ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ጉሮሯቸው ውስጥ ሞቺ አገኘ፤ በልጆች በዓል ሳምንት ማትሱያማ ከተማ ውስጥ በየሱቁ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጠውን፣ የሚለጠጥና የሚጣበቅ የሩዝ ኬክ። ታዙ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እጃቸውን ማንሳት የማይችሉ፣ ሾርባ እንኳ እንዲወፍር ተደርጎ በማንኪያ የሚሰጣቸው ሴት ነበሩ። ሞቺውን አፋቸው ውስጥ ያስገባው የሌላ ሰው እጅ ነው።

ኢንስፔክተር ሴኖ ቺካ ወሬውን የሰማችው በስልክ ነበር።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ሳጅን ቱጂ። «አስታማሚያቸው ናት፤ ዉላን የምትባል ኢንዶኔዥያዊት። እርስዎ መጥተው ካዩት በኋላ ማታ ጣቢያ እናስገባታለን።»

«ያለቀለት ከሆነ ለምን ደወልክልኝ?»

«አሮጊቷ የታወቁ የሐይኩ ገጣሚ ናቸዋ። ደግሞ ኑዛዜ መሰል ነገር ትተዋል። በድምፅ የሚጽፍ መሣሪያ አላቸው፤ እዚያ ላይ ነው ያለው።»

«አንብብልኝ።»

«‹አይሆንም፣ በቃኝ፣ አልፈልግም።› ይሄው ነው። ኑሮ መሯቸው ልጅቷን ለምነዋት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ እሷው አንቃቸው ኑዛዜውን ፈጥራለች። በሁለቱም በኩል ከእሷ አያልፍም።»

ሴኖ ስትደርስ ነፋሱ አላርፍ ብሎ ነበር። ጎረቤት ለበዓሉ የሰቀላቸው የጨርቅ ዓሦች ከምሰሶው ጋር እየተላተሙ ይጮሃሉ፤ ቤቱ ውስጥም አንድ የረጋ ሰው አልነበረም። የሟች እህት ፉዩ የሻይ ኩባያቸውን ያነሳሉ፣ ሳይጠጡ ያስቀምጣሉ። የፉዩ ልጅ ካቱሺ በረንዳው ላይ ይመላለሳል። ታዙ የሚመሩት የሐይኩ ማኅበር መጽሔት አዘጋጅ ሚናጋዋ ቶሞኤ ስልኳን እየከፈተች ትዘጋለች። ዉላን ወጥ ቤት በር ላይ ቆማለች፤ ሽርጧን ከማጠፏ በቀር የሠራችው ሥራ የለም። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዷን ቱጂ ወስዶ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ከታሰረች ካርዱ እንደሚሰረዝ፣ አገሯም በወንጀለኛ ስም እንደምትመለስ ታውቃለች።

«ሞቺ ሰጥተሻቸዋል?» አለቻት ሴኖ።

«እኔ? ሞቺ እዚህ ቤት አይገባም። እኔ ራሴ ሲያምረኝ መንገድ ላይ በልቼ፣ አፌን ጠርጌ ነው የምመጣው። ሰንሴይ ከሸተታቸው ‹ብቻሽን በላሽ› ብለው ያኮርፉኛል።» ታዙን የምትጠራቸው «ሰንሴይ»፣ መምህር፣ እያለች ነው።

«ጠዋት ስትወጪ ምን እያደረጉ ነበር?»

«ገና ግጥም እያሰቡ ነበር። መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ ስላቸው ‹ሂጂ፣ ግጥሜን አታባሪብኝ› አሉኝ። ማይክሮፎኑን ኮሌታቸው ላይ ሰክቼ፣ መሣሪያውን ከፍቼላቸው ወጣሁ።»

«አጠገባቸው ያለ ሌላ ሰው ቢናገርስ ይጽፋል?»

«አይጽፍም። የሚሰማው አፋቸው ሥር ያለውን ብቻ ነው። እኔ እንኳ አጠገባቸው ቆሜ ስለፈልፍ አንድ ቃል አይወስድልኝም። ድምፁንም አያስቀምጥም፤ ጽፎ ይጨርሳል፣ በቃ።»

ስክሪኑ በወንበሩ ክንድ ላይ ተጣብቋል። ሴኖ ጎንበስ ብላ አየችው።

○ አይሆንም ○ በቃኝ ○ አልፈልግም ○ ○

«ቱጂ፣ እነዚህን አላነበብክልኝም።»

«የትኞቹን?»

«ክቦቹን።»

«ነጥብ ናቸው እንጂ! ነጥብ ደግሞ ማን ያነባል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያነብም። ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ምልክት እዚያ አገር ትንሽ ክብ ነው፤ ስሙም «ማሩ» ነው፣ ክብ ማለት። በእጅ ሲጻፍ ያለ ምንም ሐሳብ ጣል የሚደረግ ነገር ነው። በድምፅ የሚጽፍ ሰው ግን በስሙ ሊጠራው ይገባል፤ «ማሩ» ሲል መሣሪያው ክብ ያስቀምጣል፣ «ቴን» ሲል ነጠላ ሰረዝ።

«ሰንሴይ ግን እንደዚያ ብለው አያውቁም» አለች ዉላን። «ሐይኩ ላይ ነጥብ የለም። ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ እሳቸው ዝም ብለው ይናገራሉ፣ እኔ በኋላ ነጥቡን በጣቴ አስገባለሁ። አንዴ ግጥማቸውን ‹ሰማይ› ብለው ሲጀምሩ መሣሪያው ነጠላ ሰረዝ አደረገው። ሰማይም ቴን ነዋ! ‹ይሄ ዕቃ ሰማዬን ቀማኝ› ብለው ሲስቁ ዋሉ።»

«ሰማችኋት?» አለች ሚናጋዋ ከኋላ። «እሳቸው ነጥብ አይናገሩም፤ በጣቷ የምታስገባው እሷ ናት። ራሷ በአፏ አለችው!»

ቱጂ ወደ ዉላን አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«ቆይ» አለች ሴኖ። ማይክሮፎኑን አንስታ አፏ ሥር ያዘችና «ሰማይ፣ ክብ» የሚሉትን ቃላት በአገሯ ቋንቋ ተናገረች። ስክሪኑ ላይ ነጠላ ሰረዝና ክብ ወጡ። ደግማ ሞከረችው፤ መሣሪያው ጤነኛ ነበር። «እዚህ ቤት ድመት አለ? ወይ ውሻ?»

«ምን አስፈለገዎት?» አለ ቱጂ።

«አለ ወይ?»

«የለም» አለች ዉላን። «ፀጉር ያስነጥሳቸዋል።»

«ድመት ምን ያደርጋል፣ ካቱሺ ሳን እያለ» አለች ሚናጋዋ በረንዳውን በአገጯ እያሳየች፣ የአክብሮቱን «ሳን» በፌዝ ጎትታ። «ለምግብ ሰዓት ይመጣል፣ ምንም አያደርግም፣ ሁሉም ያሻሸዋል።»

ሴኖ ሚናጋዋን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«አትወጂውም።»

«ለምን ልውደደው? እኔ መጽሔቱን ስለቅም ስሰፋ አረጀሁ፤ እሱ በራዲዮ ስለ ሐይኩ ያወራል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበረን። ሰንሴይ ማኅበሩን የሚረከበውን ሰው ሊናገሩ ነበር። እሱ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ለዘመድ ነዋ የሚሰጠው።»

«ነግረውሽ ነው?»

«መንገር ያስፈልገዋል?» አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ወረደ። «እኔ ጠዋት ማተሚያ ቤት ነበርኩ። ደውለው ይጠይቁ። ብናደድባቸውም… እሳቸውን? ፊደል ያስቆጠሩኝ ያህል ናቸው።»

ሴኖ ወደ በረንዳው ወጣች። ካቱሺ ቀጭን፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው። አውራ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሏል።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«በባሕሩ ዳር መኪና ስነዳ። ሳይነጋ ነው ከቤት የወጣሁት። እናቴን ይጠይቋት፣ ስትነሣ አልነበርኩም። እዚህ ቤት ከመጣሁ ሳምንት አልፎኛል።»

«ጣትህስ?»

«ቆርቆሮ ስከፍት።»

«አክስትህ ኑሮ መሯቸው ነበር ትላለህ?»

«የጻፈችውን አይተው የለ? በቃኝ ካለች በቃኝ ነው።»

ፉዩ ከውስጥ ሰምተው ነበር። ሴኖ ስትገባ ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«ታዙና እኔ ነን ያሳደግነው። አባቱ መርከበኛ ነበር፤ ዘንድሮ ይመጣል ስንል ቀረ። ሁለት እናት ነበረው ማለት ነው። እንዲህ መመንመኑን አይዩ፤ በልጅነቱ ብናስቀምጠው የሚንከባለል ነበር። እኔና እሷ ብቻ—»

«እናቴ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ ካቱሺ ከበሩ።

«ምንም አያደርግ። አፌ ነው።»

ሴኖ አሮጊቷን አየቻቸው፣ ልጁን አየችው። ከዚያ ሁሉም ታዙ ወደሞቱበት ክፍል እንዲገቡ ጠየቀች።

ተሰበሰቡ። ፉዩ ከእህታቸው ባዶ ወንበር ትይዩ ተቀመጡ፣ ካቱሺ ከጎናቸው። ሚናጋዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ዉላን በሩ አጠገብ ተንበርክካ ትንሽ ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። መውሰዳቸው እንደማይቀር ወስና ልብሷን አዘጋጅታ ነበር።

«ታዙ ሰንሴይ ነጥብ አይናገሩም» አለች ሴኖ። «ስለዚህ ነጥቡን ያስገባው ሌላ ሰው ነው አላችሁ። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው አሰብኩ። ነገር ግን የውሸት ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው እንዲታመን ብሎ ነው የሚጽፈው። ሚናጋዋ ሳን፣ አንቺ አዘጋጅ ነሽ። ዓረፍተ ነገር በነጥብ ሲጀምር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እንኳን እኔ፣ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም እንደዚያ አያደርግ።»

«ስክሪኑን ተመልከቺው። ከመጀመሪያው ቃል በፊት ክብ አለ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለት። የሰንሴይን ደብዳቤ ነጥብ ስታስተካክል የኖረች ልጅ ይህን ታደርጋለች?»

ሚናጋዋ ጎንበስ ብላ ክቦቹን በጣቷ ቆጠረች።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናላ» አለ ካቱሺ።

«ሞከርኩት። የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ የሚሰማው ደግሞ ከኮሌታቸው በላይ ያለውን አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ‹ማሩ› ያሉት ራሳቸው ሰንሴይ ናቸው። ነጥብ ፈልገው ግን አይደለም። ሰው ንግግሩን በነጥብ አይጀምርም። በምንድን ነው የሚጀምረው?»

ከበሩ አጠገብ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«በስም» አለች ዉላን። «ሰው ሲጠሩ።»

«በስም። ድመትም ውሻም ማሩ ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የለም። አንድ ሰው ገብቷል። ሰንሴይ ያውቁታል፣ በቁልምጫ ይጠሩታል። መሣሪያው ክፍት መሆኑን ሰውየው ልብ አላለም። የእሱ ድምፅ አልተጻፈም፤ የተጻፈው የእሳቸው መልስ ብቻ ነው። ኑዛዜ አይደለም ይሄ። እምቢታ ነው።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ፉዩ ሳን፣ የእህትዎን ቃል ማን አነበበልዎት?»

«ካቱሺ። መነጽሬን ጥዬ ነው የመጣሁት። አይሆንም፣ በቃኝ፣ አልፈልግም ብላለች አለኝ።»

«እኔ ደግሞ ምንም ሳላጎድል ላንብብልዎት።» ሴኖ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች። «‹ማሩ፣ አይሆንም። ማሩ፣ በቃኝ። ማሩ፣ አልፈልግም። ማሩ… ማሩ።›»

የፉዩ ከንፈር ቃሉን ተከትሎ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም።

«በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ያውቃሉ?»

«ነጥብ ነው፣ እናቴ» አለ ካቱሺ ቶሎ ብሎ። «ነጥብ ነው የሚያነቡልሽ።»

ፉዩ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አያውቁም» አለ ቱጂ። «እንግዲህ ልጅቷን—»

ዉላን ሻንጣዋን ይዛ ተነሣች። ማንንም አልተማጸነችም፣ አላለቀሰችም። ለፉዩ ብቻ በአክብሮት ጎንበስ አለች። አሮጊቷ ያንን ጎንበስ ያለ አንገት አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ማሩ» አሉት። «ፋሻውን ፍታና ጣትህን አሳየኝ።»

እሱ አልተንቀሳቀሰም። እጁን ራሳቸው ስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ፋሻውን ፈቱ፤ በልጅነቱ እንዳደረጉት ሁሉ፣ እንዳያመው ቀስ እያሉ። አውራ ጣቱ ከላይና ከታች በጥርስ ተበስቷል።

«ቆርቆሮ ሁለት መንጋጋ የለውም» አለች ሴኖ።

«ባለፈው ሳምንት ማኅበሩን ለሚናጋዋ ልሰጣት ነው አለችኝ» አለ ካቱሺ ወለሉን እያየ።

«ለእኔ?» ሚናጋዋ ግድግዳውን ለቀቀች። «ለእኔ አሉ?»

«ልለምናት ነበር የመጣሁት። ሞቺ ትወዳለች፤ ልጅ እያለሁ ከእጇ ታጎርሰኝ ነበር። አጉርሼ ልለምናት… አይሆንም አለች። ደግማ ደጋግማ። ያለችውን መልሳ እንድትውጠው ፈለግኩ። እንድትውጠው ብቻ።»

«ሲታነቁስ?»

«ቆሜ አየሁ።»

«ስክሪኑን አላየኸውም?»

«አየሁት። ኑዛዜ ይመስላል ብዬ ተውኩት።» ድምፁ ተሰበረ። «ክቦቹ… ነጥብ መሰሉኝ።»

ቱጂ ይዞት ወጣ። እናትየው ፋሻውን እንደያዙ ቀሩ፤ እስከ በሩ አልሸኙትም። ሚናጋዋ በረንዳው ላይ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች።

ቱጂ ተመልሶ ገባና ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ለዉላን ዘረጋላት። «ይቅርታ» አለ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

ዉላን ካርዱን ሳታየው ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ሳጅን፣ ሰንሴይን መቼ ነው ከሆስፒታል የምትመልሱልን? ፀጉራቸውን ሳላበጥር አሳልፌ ልሰጣቸው አልችልም።»

«ነገ… ነገ ጠዋት ይመስለኛል።»

ፉዩ ፋሻውን አጣጥፈው ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ሴኖ ልትረዳቸው እጇን ብትዘረጋም አልያዙትም፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡና ዉላን ፊት ቆሙ። ልጅቷ ዓይኗን አልሰበረችም፣ እሳቸውም አልሰበሩም።

«እኔም ልምጣ?» አሉ። «ካልጠላሽኝ።»

«ብቻዬን እሳቸውን ማገላበጥ አልችልም» አለች ዉላን።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ደግሞ ጠየቁ።

«ፀጉሯን በየት በኩል ነበር የምትከፍይላት?»

«በግራ በኩል» አለች ዉላን።