ንፋስ እንዳይነካው

የይታያል አስከሬን የሞተ ሰው አይመስልም ነበር። ሱዳን፣ ሾዋክ ውስጥ፣ በዩኑስ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ከንፈሩ ቀልቷል፤ ጉንጩም ወዝ አለው። ያየው ሁሉ «ተኝቶ ነው እንጂ» እያለ ይጠጋና ሲነካው እጁን ይሰበስባል። ከመተማ ወደ ቁረይሻ እርሻ ሰሊጥ ሊያርም የመጣ፣ ከመከር በኋላ ሊያገባ ቀን የቆረጠ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ሲሞት ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ካጣም ይፈጥራል።

ወርቅውሃን ያስጠራት ታላቅ ወንድሙ እንግዳው ነው። ወርቅውሃ መተማ ላይ ለብዙ ዘመን የፖሊስ መርማሪ ነበረች። አሁን ሾዋክ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። ስደት ማዕረጓን ወሰደባት እንጂ ዓይኗን አልወሰደባትም፤ የተደበቀ እድፍ ያለበት ልብስ ሊያስይዟት የሞከሩ ነጋዴዎች ይህን ያውቃሉ።

እንግዳው ገጀራ ይዞ በሩ ላይ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ገዳዩን አውቀዋለሁ። አንቺ ለሰው አስረጅልኝ ብቻ።»

«ካወቅህማ እኔን ምን አስጠራህ?»

«ዩኑስ መጋዘን ውስጥ ቆልፎበት ‹ወርቅውሃ ሳትመረምር አልከፍትም› አለኝ። የወንድሜን ደም ሳልመልስ ለቅሶ ብቀመጥ የእናቴ አጥንት ይውጋኝ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የተቆለፈበት ማን ነው?»

«ዘርኣይ።»

ዘርኣይ ከትግራይ ተሰዶ የመጣ መካኒክ ነው። ዩኑስ የዚህ ግቢና የፒካፑ ባለቤት ሲሆን እንግዳው ሾፌሩ ነው። ባለፈው ኸሪፍ፣ በክረምቱ፣ ዝናቡ ዋልካውን ጭቃ ባደረገበት ጊዜ፣ እንግዳው አንድ የታመመ ሠራተኛ ጭኖ ሲመጣ ሞተሩ አልጎትት ብሎ ሰውዬው መንገድ ላይ ሞተበት። ከዚያ ወዲህ እንግዳው ዕረፍት አጣ። ጉልበት ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ ሰው አይሞትም ነበር እያለ ዩኑስን ነዘነዘው። በመጨረሻ ከዱባይ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስመጡ። ዘርኣይ ቱርቦውን ገጠመ፣ የአየር ማጣሪያውን በሰፊ ለወጠ፣ ቤንዚኑ በዛ ብሎ እንዲገባ አስተካከለ፣ ድምፅ ማፈኛውን ማርሚታም አውጥቶ በወፍራም የጭስ ማውጫ ቱቦ ተካው።

«ዘርኣይና ይታያል በእጮኛው፣ በትሁት ተጣልተው ነበር» አለ እንግዳው። «ዘርኣይም ጠይቋት ነበርና። ትናንት መኪናውን ልወስድ ስመጣ ‹ለይታያል ስጥልኝ፣ ታርቀናል በለው› ብሎ አንድ ጠርሙስ የከርከዴ መጠጥ ሰጠኝ። ቁረይሻ ስደርስ ልጁ በወባ ትኩሳት ይነድዳል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከከርከዴው ጠጣ፣ ጭነነው ወደዚህ ወደ ክሊኒኩ ከነፍን። ስንደርስ ሞቷል።» ወደ ጋቢው ተመለከተ። «እናታችን ስትሞት ጡት አልጣለም ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት።»

ወርቅውሃ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ የይታያልን መዳፍ ገልብጣ አየች፤ ቀልቷል። ጥፍሮቹም እንደዚያው። ጋቢውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና መልሳ ሸፈነችው።

ትሁት ግድግዳ ተደግፋ በነጠላ ራሷን አስራ ተቀምጣለች። የእርሻው ካምፕ ወጥ ሠሪ ናት፤ የይታያል እጮኛ።

«ራስሽን ምን ሆነሽ ነው ያሰርሽው?» አለቻት ወርቅውሃ።

«ከመንገድ ጀምሮ ሊፈነዳ ነው። ሁለቴ አስመለሰኝ።»

«ከከርከዴው ቀምሰሽ ነበር?»

«አልነካሁትም።»

«የት ነበር የተቀመጥሽ?»

«ጋቢና። ከኋላ አብሬው ልሁን ብዬ ለምኜ ነበር። እንግዳው ‹ካፊያ ነው፣ አንቺም ልትታመሚ› አለኝ። የጋቢናው የኋላ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ነው የተደፈነው። እሱን ተደግፌ መጣሁ፤ ቅርብ ልሁን ብዬ።» ትሁት ነጠላውን ራሷ ላይ አጠበቀች። «ሲያንኳኳ ሰምቼዋለሁ።»

«ይታያል?»

«አዎ። እንግዳውም ሰማ። ‹አሞታል፣ እንፍጠን› ብሎ ነዳጅ ጨመረ። ከዚያ ማንኳኳቱን ተወ። እንቅልፍ ወሰደው ብለን ደስ አለን፣ እትዬ። ደስ አለን።»

ወርቅውሃ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ከኋላ ሌላ ምን ነበር?»

«ለገበያ ያሰብኳቸው ሁለት ዶሮዎች፣ በቅርጫት። እነሱም ሞተው ተገኙ። ሙቀት ነው ብለን ጣልናቸው።»

«በካፊያ፣ በማለዳ ሙቀት?»

ትሁት ቀና ብላ አየቻት። ያን አላሰበችውም ነበር።

ፒካፑ ግቢው ጥግ እንደ ቆመ ነው። ወርቅውሃ ለዕድሜዋም ለቀሚሷም ሳትሳሳ በጀርባዋ ተኝታ ከሥሩ ገባች። ዩኑስ ጀላቢያውን ሰብስቦ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ከሐበሻ ሠራተኛ ጋር ሲኖር አማርኛ ለምዷል።

«ይህ የጭስ ቱቦ ለምን መሀል ላይ ቀረ?» አለች ከሥር።

«ወላሂ፣ የኋላው ቁራጭ ከገዳሪፍ ገና አልመጣም። ዘርኣይ ‹እስኪመጣ ቆዩ› ብሎ ነበር። እንግዳው ግን ‹ኸሪፉ ገባ፣ እንዳለ ስጡኝ› አለ። ዘርኣይም ‹ድምፁ ይበዛል እንጂ ግድ የለም› ብሎ ሰጠው።»

ከቱቦው አፍ በላይ፣ የመጫኛው ወለል ላይ፣ የመታጠቢያ ውሃ የሚወርድባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ወርቅውሃ ወጣችና ይታያል ተኝቶበት የመጣውን ሰሌን ገለበጠችው። ከሥሩ ሁለት ጥቁር ክቦች ታትመውበታል። የመጫኛው ሸራ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ገመዱ ተቆርጧል እንጂ በየቀለበቱ እንደ ተቋጠረ ነው። ብዙ ገዳይ ይዛለች፤ የዚህን ያህል ተሳስቼ በሆነ ብላ የተመኘችበት ቀን ግን አልነበረም።

መጋዘኑ ውስጥ ዘርኣይ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ በቡጢ አብጧል።

«ከርከዴውን ለምን ላክህ?»

«በሆዴ ታርቄው ነበር። በአፌ ለመናገር አፈርሁ።»

«ያ መኪና ሸራ ይለብሳል?»

«ለሰሊጥ ጊዜ ነው እሱ። ሰው ሲጭን ሁሌም ክፍት...» ዘርኣይ ከጎማው ተነሳ። «ሸራ አልብሰውት ነበር?»

ወርቅውሃ የመጋዘኑን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ኣደይ፣ ለእንግዳው አትንገሪው» አለ ዘርኣይ። «ሆድ ይፍጀው። ይህንን ሰምቶ አይኖርም።»

«አንተን ይግደልህ ታዲያ?»

በሩን ከፍታ አስወጣችው።

ከእርሻ የመጡት ሠራተኞች በትራቸውን ይዘው በዛፉ ዙሪያ ተሰብስበዋል። ዘርኣይን ሲያዩ አጉረመረሙ። ወርቅውሃ ቀጥ ብላ ወደ እንግዳው ሄደችና እጇን ዘረጋች።

«ገጀራውን።»

«እትዬ...»

«ስናገር የሰው ገጀራ ማየት አልወድም።»

ሰጣት። መሬት ላይ አስቀምጣ ቆመችበት። ከዚያ የተረፈውን ከርከዴ አንስታ ሁሉም እያያት እስከ መጨረሻው ጨለጠችው።

«ስኳር በዝቶበታል» አለች። «ሌላ ነውር የለበትም። ዶሮዎቹ ከርከዴ አልጠጡም፤ ሞቱ። ትሁት አልጠጣችም፤ ታመመች። ስለዚህ መርዙ ጠርሙስ ውስጥ አልነበረም። ወባ ነው እንዳንል ወባ ዶሮ አይገድልም። ሙቀት እንዳንል ካፊያ ነበር። ይታያልና ዶሮዎቹ ከኋላ ነበሩ፤ ትሁት በካርቶን የተደፈነውን መስታወት ተደግፋ ነበር። እነዚህን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?»

አንዱ ሠራተኛ ወደ ፒካፑ ዞረ።

«የተነፈሱት አየር። ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሬሳ ያየ አለ?»

«አለን» አለ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ። «ቀልቶ ነው የሚገኘው። የተኛ ነው የሚመስል።»

«ይታያልን እዩት። ቤንዚን በዝቶ የሚቃጠልበት ሞተር ከዚያ ከሰል የባሰ ነው። ጭሱ በማርሚታው አልፎ ከኋላ ቢወጣ ንፋስ ይወስደው ነበር። ቱቦው ግን መሀል ላይ ቀርቷል፤ በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ገባ። የሰሌኑ ጥቁር ክብ እሱ ነው። መጫኛው እንደ ልማዱ ክፍት ቢሆን ማንም አይሞትም ነበር። ዘርኣይም ‹ግድ የለም› ያለው ክፍት ነው ብሎ ነው። ዛሬ ግን ሸራ ለብሷል፤ ዙሪያውን ታስሯል።»

የቀረውን እንግዳው ራሱ ቢደርስበት ይሻላል ብላ ይሁን ወይም ጉልበት አጥታ፣ ንግግሯን እዚያ አቆመች።

«ሸራውን ያሰርሁት እኔ ነኝ» አለ እንግዳው። አሁንም ገዳዩን እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚናገረው። «በትኩሳት ላይ ንፋስ ከመታው ምች ነው፣ አይነሳም። እናታችንን የገደላት እሱ ነው ይላሉ። ንፋስ እንዳይነካው ብዬ፣ ሁሉንም ቀለበት አጥብቄ...»

እጆቹን ዘርግቶ አያቸው።

«ሲያንኳኳ ነዳጅ ጨመርሁ» አለ።

ትሁት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ በትራቸውን መሬት አስነኩ።

«እትዬ» አለ እንግዳው፤ ድምፁ የልጅ ሆኗል። «ታዲያ ደሙን ከማን ልመልስ?»

ከወርቅውሃ እግር ሥር ወዳለው ገጀራ ጎንበስ ሲል ዘርኣይ ከኋላው ጨምድዶ ያዘው። ሁለቱም ወደቁ። እንግዳው ታገለ፤ ዘርኣይ ግን በዚያ ባበጠ አፉ «ቱቦውን ያሳጠርሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለ አልለቀው አለ። ጥቂት ቆይቶ እንግዳው ትግሉን ተወና አለቀሰ። ወርቅውሃ ገጀራውን ለዩኑስ ሰጠችው፤ ዩኑስ ይዞት ወደ ውስጥ ገባ።

ከሜዳው ዝናብ የሚያመጣ ንፋስ ተነሳ። የኒሙን ቅጠል እያራገፈ መጣና የይታያልን ጋቢ ከፊቱ ገለጠው። እንግዳው በልማዱ በእንብርክኩ ሄዶ የጋቢውን ጫፍ ያዘ። ሊሸፍነው ሲል እጁ ቆመ። ረጅም ጊዜ ያንን የቀላ ፊት ተመለከተና ጨርቁን ለቀቀው።

«ይንካው» አለ።

ከዚያም ዘርኣይ ካነጠፈለት ሰሌን ላይ ለቅሶ ተቀመጠ።